በ45 ዓመት ሩሲያኛ መጀመር፦ ምኑ ይከብዳል? ምኑ ያግዛል?

ጎንደር ላይ ሩሲያኛ መማር የሚፈልግ ጎልማሳ አልፎ አልፎ ይገጥመኛል። ፋሲል ግቢ አካባቢ የሚሠራ አስጎብኚ ከእንግሊዝኛው ሌላ አንድ ቋንቋ መጨመር ይፈልጋል። ሐኪም የሆነው ሩሲያ ሄዶ ስፔሻሊቲ መማር ያስባል። ልጇ በስኮላርሺፕ ሄዶ እዚያው ትዳር የያዘባት እናት ምራቷን በወጉ ማናገር ትሻለች። ምክንያታቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «በዚህ ዕድሜዬ ይገባኛል ወይ?»

አዎ፣ ይገባችኋል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ግን በዕድሜ ምክንያት የሚከብደውንና በሩሲያኛ በራሱ ጠባይ የሚከብደውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቅና ለወጣቱም የሚከብደውን ነገር «አርጅቼ ነው» ብሎ በሁለተኛው ወር ያቆማል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ዕድሜ የሚወስደውና የሚተወው

«ቋንቋ በልጅነት ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆሹዋ ሃርትስሆርን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ትልቅ ጥናት አወጣ። በኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና አዘጋጅተው ወደ 670,000 የሚጠጋ ሰው ፈትነዋል። ሰዋስው የመማር አቅም እስከ 17 ዓመት ገደማ ሳይነካ ቆይቶ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ውጤት አገኙ። ይህን ሰምቶ «በቃ፣ አልፎኛል» ማለት ቀላል ነው። ጥናቱ የሚለው ግን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ልክ እንደ አፍ ፈቺው ተናጋሪ መሆን ይከብደዋል ነው። መማር አይችልም አላለም። ሞስኮ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ለመናገር ካላሰባችሁ ጥናቱ የሚዘጋባችሁ በር የለም።

ሌላ ብዙም የማይወራለት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ነው። ወደ ኔዘርላንድስ የሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሀገሩን ቋንቋ ሲማሩ ተመራማሪዎች ከሕፃን እስከ አዋቂ እየመዘኑ ተከታተሏቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የሄዱት ትልልቆቹ ናቸው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉትና አዋቂዎቹ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ልጆች ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። አዋቂ ሰው ማብራሪያ ይገባዋል፣ ያወዳድራል፣ ራሱን ያርማል። ልጅ ውሎ አድሮ ይቀድማል፤ ግን ቀኑን ሙሉ በቋንቋው ውስጥ ስለሚውል ጭምር ነው። ለእናንተ ያን ያህል ሰዓት ማን ይሰጣችኋል?

ዕድሜ በእውነት የሚወስደው ፍጥነትን ነው። የሰሙትን ወዲያው መተርጎም ይዘገያል። አዲስ ቃል ከአእምሮ ቶሎ ያመልጣል። ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅምም ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሩሲያኛ ደግሞ «ሽ»ን፣ ረዘምና ለስለስ ያለውን «ሽሽ»ንና «ች»ን እየለየ የሚናገር ቋንቋ ነው። ስለዚህ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከማዳመጥ ይልቅ የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ። ዓይንም ከ40 በኋላ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ላይ ይደክማል። የፊደሉን መጠን አሳድጉት። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ግን ፊደሉ ስላልታየው ብቻ ቋንቋው የከበደው የሚመስለው ሰው አለ።

የቃላት ሀብት ግን ሌላ ነው። የሰው የቃላት እውቀት በአፍ መፍቻ ቋንቋው እስከ እርጅና ድረስ ሲያድግ ይታያል። የምታውቁት ነገር በበዛ ቁጥር አዲሱ ቃል የሚንጠለጠልበት ቦታ ያገኛል። ነርስ የሆነች ሴት የሩሲያኛ የሕክምና ቃላትን ከ20 ዓመት ወጣት ፈጥና ብትይዝ አይገርመኝም።

ፊደሉ የሳምንት ሥራ ነው

ከሩቅ የሚያስፈራው ፊደሉ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ድል የሚገኝበትም እሱ ነው። የሩሲያኛ ፊደል 33 ነው። የእኛም ገበታ «ቨ»ን ሳንቆጥር 33 ቤት አለው፤ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። ያንን በልጅነቱ የተሸከመ ሰው 33 ፊደል አይበግረውም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ የላቲን መልክ ይዘው ሌላ ድምፅ የሚያወጡትን ነው። የእንግሊዝኛውን «ኤች» የምትመስለው «ን» ናት። «ፒ» የምትመስለው «ር»፣ «ሲ» የምትመስለው «ስ»፣ «ቢ» የምትመስለው «ቭ»፣ «ዋይ» የምትመስለው «ኡ»፣ «ኤክስ» የምትመስለው «ኽ»። ሩሲያ የደረሰ እንግዳ ሬስቶራንት በር ላይ የተጻፈውን «ፔክቶፓ» ብሎ የሚያነበው ለዚህ ነው። እነዚህን ስድስቱን ለብቻ አጥንታችሁ ጨርሱ። የእጅ ጽሑፉ ለየት ይላል፤ በእጅ ስትጻፍ «ት» የእንግሊዝኛ ትንሿን «ኤም» ትመስላለች። እሱን ለሦስተኛው ወር አቆዩት።

ፊደሉን እንደለያችሁ የምታውቋቸው ቃላት ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ጋዜጣ «ጋዜታ» ነው። ፋብሪካ ያው «ፋብሪካ» ነው። ሙዚቃ፣ ፖለቲካ፣ ባንክ፣ ኮሚቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም በትንሽ ለውጥ አሉ። ሻይ «ቻይ»፣ ስኳር «ሳኻር» ነው።

አፋችን ላይ ያለና የሌለ

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከብዙ አውሮፓዊ ይሻላል። «ዥ»፣ «ሽ»፣ «ች» አሉን። «ር»ን እናርገበግባለን። ከሁሉም በላይ ግን ሳድስ አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪን ወራት የሚያስለፋ አንድ የሩሲያኛ አናባቢ አለ። «ልብ» ስንል ከ«ል» በኋላ የምትሰማዋን አጭር ድምፅ ያዟትና ትንሽ አስረዝሟት፤ እሷ ናት ማለት ይቻላል። «አንተ» በሩሲያኛ «ትእ» ነው፣ «እኛ» ደግሞ «ምእ»። ጎንደሬ ይህን ለማለት ምላሱን ማሠቃየት የለበትም።

የሚያስቸግረን ሌላ ነው። ሩሲያኛ ተነባቢዎችን ያለ አናባቢ ይደረድራል፤ እኛ ደግሞ በመሃል ሳድስ እንሰካለን። «ስፓሲባ» (አመሰግናለሁ) የሚለውን «እስፓሲባ» እንላለን፤ ስፖርትን «እስፖርት» እንደምንለው። ሁለተኛው፣ ሩሲያኛ ተነባቢዎቹን ወፍራምና ቀጭን እያደረገ ይለያል። እኛ «ን»ና «ኝ» አሉን። እነሱ ይህን ልዩነት በ«ት»፣ በ«ል»፣ በ«ስ»፣ በ«ም»፣ በብዙው ላይ ያደርጉታል። «ብራት» በወፍራም «ት» ወንድም ነው፤ በቀጭን «ት» መውሰድ ነው። ጆሮ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለወጣቱም ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንዱ አናባቢ ይጎላል፣ ሌሎቹ ይደበዝዛሉ። ወተት «ሞሎኮ» ተብሎ ይጻፋል፣ «ማላኮ» ተብሎ ይነበባል። «ዛማክ» መጀመሪያው ላይ ሲጎላ ቤተ መንግሥት ነው፤ መጨረሻው ላይ ጎልቶ «ዛሞክ» ሲባል መቆለፊያ ነው፤ አጻጻፋቸው ግን አንድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይደንቀውም። የግዕዝን ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ተምሮታል፤ ቃል ሲነበብ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ማወቅ የትምህርቱ አካል እንጂ ማሳመሪያ እንዳልሆነ ያውቃል። ሩሲያኛም እንደዚያ ነው። አዲስ ቃል ስትጽፉ የሚጎላውን ፊደል አስምሩበት። ሳታሰምሩ የያዛችሁትን ቃል በኋላ ማረም ከባድ ነው።

ዋናው ተራራ፦ የቃል መጨረሻ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። አብዛኛውን ጊዜያችሁን የሚበላው ይሄ ነውና እዚህ ላይ ልቆይ።

በአማርኛ «እህት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። እህትን፣ የእህት፣ ለእህት፣ ከእህት ጋር፣ ስለ እህት። ሥራውን የሚሠሩት ከፊት የሚለጠፉት «የ» እና «ለ»፣ ከኋላ የምትመጣው «ን» ናቸው። ሩሲያኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የቃሉን መጨረሻ በመለወጥ ይሠራዋል። እህት «ሲስትራ» ናት። እህትን «ሲስትሩ»። የእህት «ሲስትርእ»። ለእህት «ሲስትሬ»። ከእህት ጋር «ስ ሲስትሮይ»። ስለ እህት «አ ሲስትሬ»። እነዚህ ስድስት መልኮች ናቸው፤ ሩሲያውያን «ፓዴዥ» ይሏቸዋል።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንል «ቤት» መጨረሻው ተለውጦ «ቤተ» ሆኗል። ግዕዝ ነው። በግዕዝ ተሳቢም እንዲሁ መጨረሻውን ይለውጣል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ሩሲያኛ ሲጀምር ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ያልገባም ቢሆን «ን»ን የት እንደሚያስገባ ሳያስብ ያውቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ የለውም። «እህቴን አየሁ» ካላችሁ «ሲስትሩ» ነው፤ «ለእህቴ ደወልኩ» ካላችሁ «ሲስትሬ» ነው። የአማርኛው ስሜት ራሱ ይመራችኋል።

ታዲያ ለምን ይከብዳል? መጨረሻው በቃሉ ጾታ ስለሚለያይ ነው። «ኡ» በ«ሲስትሩ» ላይ «ን» ማለት ነበረች። «ብራት» (ወንድም) ላይ ስትመጣ ግን «ብራቱ» ማለት ለወንድም ነው። ያው ድምፅ፣ ሌላ ሥራ። ጾታውም ሦስት ነው፤ ወንድ፣ ሴትና ከሁለቱም ያልሆነ። ቅጽሉም ከስሙ ጋር አብሮ ይለወጣል። ቁጥርም አይምርም። 41 ዓመት «ጎት» ይላል፣ 42 «ጎዳ»፣ 45 ደግሞ «ልዬት»። እኛ አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ መቶ ዓመት ብለን እናልፋለን።

ብዙ መጻሕፍት ይህን በሠንጠረዥ ያቀርቡታል። ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ እዩት፣ ይግባችሁ፣ ከዚያ ዝጉት። ሠንጠረዥ በቃል የያዘ ሰው ሲናገር በሐሳቡ ረድፉን ይቆጥራል፤ እስኪደርስበት ያነጋገረው ሰው ወሬ ቀይሯል። ይልቅ ለእያንዳንዱ መልክ አንድ የራሳችሁን እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ያዙ። ለእህቴ ደወልኩ። ከእህቴ ጋር ነበርኩ። ስለ እህቴ እያሰብኩ ነው። ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ደጋግሙት። «ሲስትሬ» ከአፍ እስኪወጣ ድረስ። ሌላ ሴቴ ቃል ሲመጣ መጨረሻውን በዚያው ልክ ትሰጡታላችሁ።

ጮክ ማለቱን አደራ። ይህች ከተማ ከጥንት ጀምሮ የቃል ትምህርት ከተማ ናት። የአብነት ተማሪ መምህሩ ያሉትን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ሌሊት ተነሥቶ ይደግማል፣ ጠዋት መምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል። ዛሬ የማስታወስ ተመራማሪዎች የሚመክሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጊዜ እያራራቁ ማስታወስ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መፈተን። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው፣ የተማርነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ፣ ደግመው ሲያጠኑት ግን ከበፊቱ ባነሰ ድካም እንደሚመለስ ነው። የረሳችሁት ቃል ጨርሶ የጠፋ አይደለም። ዳግመኛ ሲመጣ ቦታው ይጠብቀዋል።

የሚያግዘን ሌላም አለ

አማርኛ «በረደኝ» ይላል፤ ባለቤቱ «እኔ» አይደለሁም። ሩሲያኛም «ምንዬ ኾላድና» ይላል፣ «ለእኔ ቀዝቃዛ ነው» እንደማለት። «መኪና አለኝ» ስንል ያለችው መኪናዋ ናት፤ ሩሲያኛም እንደዚሁ «ኡ ምንያ ዬስት ማሺና» ይላል፣ መኪናዋ እኔ ዘንድ አለች ብሎ። በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። እናንተ ግን የተማራችሁበት መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ቢሆንም ትርጉሙን በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሱት። አብዛኛው የስልክ መተግበሪያ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ነው የሚያስተምረው። ማስታወሻችሁን በአማርኛ ካልያዛችሁ ይህን ሁሉ እገዛ ታጡታላችሁ።

ግሱ ሁለት ፈተና አለው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ድርጊት ማለት ይቻላል በጥንድ ይመጣል። «ያ ቺታል» ማለት ሳነብ ነበር፣ አንብቤ ነበር ነው፤ መጨረሴን አይናገርም። «ያ ፕራቺታል» ግን አንብቤ ጨረስኩ ነው። አዲስ ግስ ስትጽፉ ጥንዱን አብራችሁ ጻፉ። ሌላ መላ የለውም። ደግሞ እዚህ ላይ ሴቶች ልብ በሉ፦ በአማርኛ «አነበብኩ» ወንድም ሴትም ይለዋል፤ በሩሲያኛ ግን ሴት ስለ ራሷ «ቺታላ» ነው የምትል።

ሁለተኛው መሄድ ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ «እሄዳለሁ» ስንል በእግርም በባጃጅም አንድ ቃል ነው። ሩሲያኛ ይለያል። በእግር «ኢዱ»፣ በመኪና «ዬዱ»። አሁን እየሄዳችሁ ሳይሆን ሁልጊዜ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ በእግር «ኻዡ»፣ በመኪና «ዬዡ»። በየቀኑ መንገድ ላይ ስትሆኑ የትኛው እንደሆነ ለራሳችሁ በሉት። ለዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ መንገዱ ያስተምራል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ሩሲያኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድብለታል። አማርኛንም እዚያው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ቁጥር በሥራ ላይ ለመጠቀም የሚያበቃ ደረጃ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብትሰጡት ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሦስት ዓመት በዛ? ልጅ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው።

ደግሞ እስከዚያ ባዶ እጅ አትቀመጡም። የሩሲያኛ ይፋዊ ፈተና ለውጭ ዜጎች በደረጃ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ 780 ያህል ቃላት ይጠይቃል፣ ቀጣዩ 1,300፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈለገው ደግሞ 2,300። በቀን አምስት ቃል የሚይዝ ሰው ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ገበያ ለመናገር የሚበቃውን 780 በአምስት ወር ተኩል ውስጥ ያገኘዋል። ለምራቷ ለምትማረው እናት ይህ ብዙ ነው። ለሐኪሙ መነሻ ብቻ ነው፤ እሱ ሩሲያ ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመሰናዶ ዓመት ቋንቋ መማር ይጠብቀዋል።

ኔትወርክና መብራት ላይ እምነት አትጣሉ። የምታዳምጡትን ሁሉ ኢንተርኔት ባለበት ቀን አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። «አንኪ» የሚባለው የቃላት ማጥኛ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መቼ መድገም እንዳለባችሁም ራሱ ያሰላል። ደብተርም ይበቃል። ሰዓቱን ግን አትቀያይሩት፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ከሆነ ጠዋት ይሁን።

ከማን ጋር ልናገር?

ይህ ጎንደር ላይ ትልቁ ችግር ነው። አዲስ አበባ የሩሲያ የባህል ማዕከል አለ፤ እዚህ የለም። ግን አንድ የተረሳ ሀብት አለን። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረዋል። መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው ተመልሰዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። በየሰፈሩ ጠይቁ፤ ከምትገምቱት ይቀርባሉ። ብዙዎቹ ቋንቋውን ከተናገሩ ቆይተዋልና እነሱም ሰው ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ደግሞ እነሱ ራሳቸው ይህን ተራራ ወጥተውታል። የትኛው መጨረሻ እንዳስቸገራቸው ጠይቋቸው፤ በአማርኛ አስበው በአማርኛ ያስረዷችኋል። ይህን የትኛውም መተግበሪያ አይሰጣችሁም።

ስታናግሯቸው «ትእ» አትበሉ። ታላቅ ሰውን አንቱ እንደምንል ሩሲያኛም «ቭእ» ይላል፤ የብዙ ቁጥር «እናንተ» ናት፣ ለአክብሮትም ታገለግላለች። ሩሲያውያን የሚያከብሩትን ሰው ሲጠሩ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አድርገው ነው፤ ስምን ከአባት ጋር መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይከብዳችኋል። «እሳቸው» የሚል የላቸውም። የ80 ዓመት ፕሮፌሰርም በሌሉበት ሲወሩ «ኦን» ናቸው፣ «እሱ» እንደማለት። ለጎንደር ሰው ጆሮ ይህ ብልግና ይመስላል። እነሱ ጋር ነውር የለበትም፤ ሳትሸማቀቁ በሉት።